አራት ሜትር የክንፍ ጨርቅ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18፣ 1947

ዛሬም አየር ሜዳው ላይ የአውሮፕላን ክንፍ ስሰፋ ዋልኩ። የላይኛው ግራ፤ ክንፉ ድርብ ነው። አሮጌውን ጨርቅ ገፈን ስንጨርስ የእንጨት አጥንቱ ብቻ ቀረ፤ ተበልቶ ያለቀ ዓሣ መሰለ። ጃፓኖቹ ጥለውት ከሄዱ ወዲህ ዝናብ ሲደበድበው ከርሟል። ሞተሩን ወንዶቹ አስነሱት፣ አልክድም። ልብሱን ግን እኛ ሴቶቹ ካላለበስነው የት አባቱ ይበራል? ይህን ስል ፓክ ዳርሞ ይስቃሉ። የክንፍ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ፓክ፣ አባት፣ የምንላቸው። ድሮ አናጢ ነበሩ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ነበር ሥራቸው። ነፃነት አወጅን ብለን እንዲህ ሆነናል እንግዲህ… አልጋ ሠሪው ክንፍ ይሠራል፣ ጨርቅ በሰምና በቀለም የምታስጌጠው ባቲክ ሠሪ ክንፍ ትሰፋለች። የድሮ ገዢዎቻችን ሆላንዶቹ ደግሞ ወደቡን ዘግተው መውደቃችንን ይጠብቃሉ።

አብራኝ የምትሰፋው ቱኪያህ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት፣ ምላሷ ግን የአርባ ዓመት ሴት። ዛሬ የጃፓኑን ቀይ ክብ ግማሹን ነጭ ስትቀባ ዋለች። ላዩ ቀይ፣ ታቹ ነጭ፣ በቃ የኛ ባንዲራ ሆነ። «ባል እንዲህ በቀላሉ ቢቀየር!» አለች። ገና አላገባችም እኮ።

ከምሳ በኋላ ማስ ዊናርኖ ሱሪውን ይዞ መጣ። ከአብራሪ ሰልጣኞቹ ሁሉ ለፍላፊው እሱ ነው፤ እኔን ቡ፣ እናት፣ ይለኛል፣ እኔም ማስ፣ ወንድሜ፣ እለዋለሁ። ቁልፍ ተበጥሶበታል።

«ቡ ሩቢየም፣ እባክዎ ይቺን ቁልፍ።»

«አብራሪ የሆንከው ሱሪህን እንድሰፋልህ ነው?»

«አብራሪ የሆንኩትማ እናቴ እንድታየኝ ነው።»

«እዚያ ሰማይ ላይ አንተ መሆንህን በምን ታውቃለች?»

«ዝቅ ብዬ ገመድ ላይ ያሰጣችውን ልብስ አራግፍላታለኋ!»

«ልብሱስ ይሁን፣ ዶሮዎቿን እንዳትጨርስባት» አለች ቱኪያህ።

ሳቅን። የእናቱ ቤት ካራንግሳሪ መንደር ነው፣ ከሸንኮራው እርሻ ማዶ፣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። አባቱን ጃፓኖቹ ለጉልበት ሥራ ወስደውት በዚያው ቀረ። የኔም ባል እንደዚያው። ለዚህ ይሆን የምወደው? እንጃ። ቁልፉን በድርብ ክር ሰፋሁለት።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። በዝናብ ቫርኒሽ አይቀባም። ተቀምጠን ክር በሰም ስናሽ ዋልን። ራሴን አመመኝ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 26

ዋጊራህ ሞተች። የጎረቤቴ የፓክ ጂማን ልጅ። ትናንት ምጥ ያዛት፣ ዛሬ ሲነጋ እሷም ልጁም የሉም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር… ባለፈው ሳምንት ጎመን ከኔ ጓሮ ስትቆርጥ «ቡ፣ ወንድ ነው፣ ይራገጣል» ብላኝ ነበር።

ከፈን ጠፋ። ገበያው ላይ እንኳን ነጭ ጨርቅ ክርም የለም። ፓክ ጂማን ቤት ለቤት ዞሩ። ሰዉ ያለውን አወጣ፤ ባለ አበባ፣ ባለ መስመር፣ የተጣፈ። ነጭ ግን የለም። የጸሎት መሪው «ችግር ነው፣ ለሴት የሚገባው አምስቱ ይቅር፣ አንድ መጠቅለያ ቢገኝ ይበቃል፣ አላህ ያውቃል» አሉ። አንዱም አልተገኘም። ፓክ ጂማን መጨረሻ ላይ ደጃፌ ላይ ቁጭ አሉና «ሚስቴን በጃፓን ጊዜ በሰሌን ጠቅልዬ ቀበርኩ። ልጄንም በሰሌን?» አሉ። ለኔ አልነበረም የሚናገሩት። ለመሬቱ ነው።

የክንፍ ጨርቁ ሣጥን ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። ፓክ ዳርሞ አምነው የሰጡኝ።

ሄድኩ። አራት ሜትር ቀደድኩ። ከሽርጤ፣ ከሳሩንጌ፣ ሥር ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ወጣሁ። የበሩ ዘበኛ «ቡ፣ ወፈር ብለዋል ልበል?» አለኝ። «አንተን ምን አገባህ!» አልኩት። ዞር ሳልል መንገዱን ያዝኩ።

ዋጊራህ በነጭ ተቀበረች። ፓክ ጂማን ከየት አመጣሽው አላሉኝም። እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

ለምን አልጠየቅኩም? ፓክ ዳርሞ ክፉ አይደሉም። ግን አለቃን እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቁታል? እሺ እንዳይል ይቸገራል፣ እምቢ እንዳይል ያፍራል። ሰውን እንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥ መክተት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እኔም ሰው ከማስጨንቅ ብዬ ሰረቅኩ። ወይ ጨዋነት!

ሰኞ፣ ማርች 3

ጨርቁ አጠረ። አያጥርምን? የጎደለ ነገር መጉደሉ መቼ ይቀራል። ከየቁርጥራጩ ለቅሜ አንድ ሜትር ተኩል አብቃቀቅኩ። ለላይኛው ክንፍ ጀርባ ሁለት ሜትር ተኩል ጎደለኝ። ቤት ገብቼ ሣጥኔን ከፈትኩ።

አንዲት ሞሪ ነበረችኝ፣ ለባቲክ የምንሠራባት ነጭ ጨርቅ። ከጦርነቱ በፊት የተገዛች፣ ከደህናው ዓይነት። እንደ ወጉ ቀቅዬ፣ በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጬ አለስልሼ፣ ሰም ጀምሬባት፣ ቡናማ ነክሬያት ነበር። ከዚያ ጃፓን መጣ፣ ባቲክ ገዢም ጠፋ፣ ሰሙን መልሼ ቀቅዬ አወጣሁት። ጥጓ ላይ ቡናማው እምቢ አለ። ለዋጊራህ ያልሆነችውም ለዚህ ነው፤ ሟች ነጭ ነው የሚለብሰው። ክንፍ ግን ከቀለም ሥር ማን ያየዋል?

በጣቴ ዳሰስኳት። ትለሰልሳለች። የክንፉ ጨርቅ አጠገቧ ጆንያ ነው። እኛ ባቲክ ሠሪዎች ጨርቅ በጣት ነው የምንመርጠው፤ የለሰለሰ ይበልጣል። የወሰድኩትን በተሻለ ተካሁ አልኩ በልቤ። እንዲያውም ደስ አለኝ። እንቅልፌ ተመለሰ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ክንፉ አለቀ። ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ጠጣ፣ ሲመቱት እንደ ከበሮ ጮኸ። ፓክ ዳርሞ የፍተሻውን ወረቀት ይዘው መጡ። ከሥር ከላይ መዳሰስ፣ ጫፉን መሳብ፣ ስፌቱን መቁጠር ነበረባቸው። አልዳሰሱም።

«የአንቺ እጅ ያለፈበትን እኔ ምን አያለሁ?» ብለው ፈረሙ።

አንጀቴን በሉት። ቢዳስሱ ኖሮ እናገር ነበር… እውነት እናገር ነበር?

ሐሙስ፣ ማርች 13

አውሮፕላኑ ከመብረሩ በፊት የምርቃት ግብዣ አደረግንለት። ቢጫ ሩዝ ቆልለን፣ ዶሮ አርደን፣ ጸሎት ተደርጎ ከሞተሩ ሥር ተቀምጠን በላን። የአየር ሜዳው አዛዥ ካፒቴኑ ባሕር ማዶ ከሱማትራ የመጣ ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም። «በዚህ ሰዓት ቤንዚኑን ብታጣሩ ይሻል ነበር» አለ። በላ ግን። ሁለት ጊዜ ጨመረ።

የበረራ አስተማሪው አስነሳው። በረረ! ቱኪያህ አቅፋኝ አለቀሰች። ማስ ዊናርኖ ከሩቅ «ቡ ሩቢየም፣ ልብስዎ ያምራል!» እያለ ይጮሃል። ክንፉን ማለቱ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ማስ ዊናርኖ ሞተ።

ጠዋት ነበር። ብቻውን ሲበር ሦስተኛ ቀኑ። ሁለት ጊዜ ዞሮ በደንብ አረፈ። ሦስተኛውን ተነሳ። እኔ ውጭ ጨርቅ እያሰጣሁ ነበር፣ ድምፁ ሲለወጥ ቀና አልኩ። ከክንፉ ላይ የሆነ ነገር ሲርገበገብ አየሁ። ወፍ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ግራ ተዘነበለ፣ ደግሞ ተዘነበለ፣ ሊያቃናው የሚታገል ይመስል ነበር… ከሸንኮራው በላይ ዝቅ ዝቅ እያለ ሄደ። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ሮጥን። ሸንኮራው ፊቴን ሲቆራርጠኝ አልታወቀኝም። ሌሎቹ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ፓክ ዳርሞ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። «አትዪ» አሉኝ። አላየሁም። ሱሪውን ብቻ አየሁ።

ካፒቴኑ ፊቱ አመድ ሆኖ መጣ። «ለከፈን ከሣጥኑ ቁረጪ። የሚበቃውን ያህል» አለኝ። በቃ! ይኸው ነው። በአንድ ቃል። እኔው ቆረጥኩ፣ ሦስት መጠቅለያ፣ በደንብ፣ ምንም ሳልሸሽግ። እጄ እየቆረጠ አእምሮዬ አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ ጠይቄ ቢሆንስ?

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ካራንግሳሪ ተቀበረ። የጀግኖች መቃብር ይሆናል ብለን ነበር፣ አልሆነም። ምርመራ እስኪያልቅ ተባለ።

ምርመራውም አለቀ። ግማሽ ቀን አልፈጀም። አንድ ገበሬ «በጣም ዝቅ ብሎ አየሁት» አለ። የሚወድቅ ሰው ዝቅ ሳይል ምን ሊል ነው? ከዚያ እኛን ጠሩን። ካፒቴኑ «እናቱ ቤት ላይ ዝቅ ብሎ ስለ መብረር ያወራ ነበር?» አለኝ።

ምን አልኩ? «አዎ፣ ልብስ አራግፍላታለሁ ይል ነበር» አልኩ። እንባዬ እየወረደ ነው ያልኩት። ጨዋታውን አስታውሼ፣ ሳቁን አስታውሼ… ጸሐፊው ግን እንባዬን አልጻፈም። ቃሌን ጻፈ። «ሰልጣኙ ትእዛዝ ጥሶ ለጨዋታ ዝቅ ብሎ በመብረር የመንግሥት አውሮፕላን ሰበረ።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ስብርባሪውን በጭነት መኪና አመጡት። የሚተርፈው ጨርቅ፣ ሽቦ፣ እንጨት እንዲለቀም። ለቃሚዋ እኔ።

የላይኛው ግራ ክንፍ… ስፌቱ አልተፈታም። አንድም ስፌት አልተፈታም! ጨርቁ ነው የሄደው። መሃሉ ላይ፣ ከአጥንት እስከ አጥንት ተተርትሯል። ቫርኒሹን በጥፍሬ ፋቅሁት። ሥሩ ቡናማ።

ጫፉን ይዤ ሳብ አደረግኩት። ምንም ሳይታገለኝ ተቀደደ። አንዴ ቀቅዬ፣ ቀጥቅጬ፣ ደግሜ ቀቅዬ… ክሩን ገድዬዋለሁ። እኔ ለስላሳ ያልኩት የሞተ ክር ነበር። ባቲክ ትከሻ ላይ ነው የሚውለው፣ ነፋስ አይጎትተውም። ይህን እንዴት አላሰብኩም? ሃያ ዓመት ጨርቅ የነካሁ ሴትዮ!

ሳሩንጌ ሥር ጠምጥሜ ይዤው ወጣሁ። ወፍ መስሎኝ ነበር… የኔው ሞሪ ነው ሲርገበገብ ያየሁት።

ረቡዕ፣ ማርች 26

ለፓክ ዳርሞ ነገርኳቸው። ሁሉንም። ከዋጊራህ ጀምሮ።

መላጊያቸውን አንስተው አስቀመጡ፣ ደግሞ አነሱ። «አቃጥይው» አሉ በመጨረሻ።

«ልጁስ? ለጨዋታ ሞተ እየተባለ?»

«ልጁ ሞቷል። አሁን ያለንበትን ጊዜ አታውቂም? ባለፈው ወር ቤንዚን ውስጥ ውኃ ተገኘ ተብሎ ቤንዚን ቀጂውን የሆላንድ ሰላይ ብለው የት እንዳደረሱት ማንም አያውቅም። አንቺን ማን ‹ለጎረቤቷ ከፈን ነው› ብሎ ያምንሻል? እኔንስ ሳያይ ፈረመ ብሎ ማን ይተወኛል? አምስት ልጆች አሉኝ፣ ሩቢየም።»

ድምፃቸው ተሰበረ። እኚያ ሁሌ የሚስቁት ትልቅ ሰው።

«እሺ» አልኩ። አላቃጠልኩትም ግን። ሩዝ ማስቀመጫው ሥር አለ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ቱኪያህ ካራንግሳሪ የምትኖር አክስት አለቻት። ዛሬ ስንሰፋ ነገረችኝ። ለሰባተኛው ቀን ጸሎት እናቱ ቡ ሙርዲና ምግብ ሠርተው ወንድማቸውን ቤት ለቤት ለጥሪ ላኩ። የመጣው የጸሎት መሪውና ሁለት ሽማግሌ ብቻ።

«ለምን?» አልኳት፣ እያወቅኩት።

«ለምን ይምጡ? መንደሩ ሁሉ ለአውሮፕላን ብሎ የሴቶቹን ጌጥ ሳይቀር አዋጥቷል። አሁን ‹እንትና ወርቄን በጨዋታ ሰበረው› እያሉ ነው። ምግቡን ለዶሮ ሰጡት አሉ።»

መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። ቱኪያህ ደሜን እየጠረገች «አንቺ ሰሞኑን ምን ሆነሻል?» ትለኛለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ካልተናገሩት በምን ይጠራል?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

ቡ ሙርዲና ሜዳው ድረስ መጡ። የልጃቸውን ዕቃ ሊወስዱ። የተጠበሰ ካሳቫ በቅጠል ይዘው ነበር፣ ለጓደኞቹ። ሰልጣኞቹ ሲያዩዋቸው ከሀንጋሩ ጀርባ ዞር አሉ። አልሸሹም ዞር አሉ እንደሚባለው። ምን ብለው ያናግሯቸው?

እኔ ጋ መጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴትዮ። ዓይናቸው የሱ ነው።

«ልብሱን የምትሰፊለት አንቺ ነሽ? ይነግረኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ ቡ።»

«አንቺ አይተሻል? እውነት ዝቅ ብሎ ነበር የሄደው? እኔ እኮ ያን ቀን ልብስ አላጠብኩም። ገመዱ ባዶ ነበር።»

«አላየሁም» አልኩ።

አላየሁም አልኩ! በዚህ አፌ። ካሳቫውን እጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ቱኪያህ በላችው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

ጸሎት አልሆንልኝ አለ። ጀምሬ አቋርጣለሁ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ዛሬ አርባው ነው። ሥራ አልገባሁም። ጨርቁን ይዤ ጎህ ሲቀድ ካራንግሳሪ ሄድኩ።

አርባ ሲሆን የመንደሩ ሴቶች ማልደው መጥተው ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ኮኮናት ይፍቃሉ፣ ሐሜቱም ሳቁም እዚያው ነው። እዚህ ቤት ግን ቡ ሙርዲና ብቻቸውን። ሦስት ምድጃ አንድደዋል፣ ሩዙ ለመንደር የሚበቃ ነው። ማንም እንደማይመጣ እያወቁ። ቢላ አንስቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መምጣቴ አልገረማቸውም።

«ቡ፣ ልጅዎ አላጠፋም።»

«አውቃለሁ።»

«አይ፣ አያውቁም። እኔ ነኝ።»

ነገርኳቸው። ሳልቆም። ጨርቁን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ቡ ሙርዲና ማማሰሉን አላቆሙም።

«አራቱን ሜትር ለማን ሰጠሽው?»

«ለጎረቤቴ ልጅ። በወሊድ የሞተች።»

«ሸፈናት?»

«ሸፈናት።»

ጥቂት አማሰሉ። ከዚያ ዞር ብለው ሳያዩኝ፦

«ይቅር በሉኝ ልትይ ነው የመጣሽው?»

«እንጃ… አዎ።»

«እኔ ዘንድ የለም። አሁን አንቺ ስታወሪ ውስጤን ፈለግኩት፣ የለም።»

ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠልኩ። ዓይኔን ማበስ እንኳ አፈርኩ፣ የሽንኩርቱ ነው ይሉኛል ብዬ።

«ለኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «እኔ ልጄን መቼ ጠረጠርኩት? ወንድሜ ከእንግዲህ ለጥሪ አልዞርም ብሏል፣ በር ተዘግቶበታል። አንቺ ዙሪ። ቤት ለቤት። ለምን መምጣት እንዳለባቸው ግን ሳትደብቂ ንገሪያቸው።»

ተነሳሁ። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ወገቤን አጠፍ አድርጌ «ቡ ሙርዲና ለልጃቸው አርባ ይጠሩዎታል» አልኩ። ሰውየው «ሥራ አለብኝ» አለ። «እሺ» ብዬ ልዞር ነበር። እንደ ልማዴ። እግሬ ግን እምቢ አለ። «አባባ» አልኩት፣ «ልጁ አልተጫወተም። ክንፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የሞተ ጨርቅ ነው የሰጠሁት። ይኸው፣ ይሳቡት።» ሳበው። ተቀደደ። እጁ ላይ የቀረውን ቁራጭ አገላብጦ አየው።

ከዚያ ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሠላሳ አንድ ቤት። ሁሉም ሳብ አድርገው አዩት፣ ሁሉም እጅ ላይ ተቀደደ። አንዷ እግሬ ሥር ምራቋን ተፋች። ወርቋን የሰጠች ሴት ናት፣ አልፈርድባትም። አንድ ሽማግሌ ውኃ አጠጡኝ። አንዱ «ሌባ! ሰላይ!» እያለ እስከ መንገዱ ተከተለኝ። አንዲት አሮጊት ደግሞ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «እኛ ሰባተኛው ቀን ላይ አልሄድንም እኮ… ወይኔ» ብለው ልብሳቸውን ሊለብሱ ገቡ።

መጨረሻ የመንደሩ ሹም ቤት ደረስኩ። ከጨርቁ የቀረው ቡናማው ጥግ ብቻ ነበር። ሹሙ «ይህን ወረቀት ላይ ትያለሽ?» አሉኝ። እላለሁ አልኩ። ጻፉ፣ አነበቡልኝ፣ ፈረምኩ። ፓክ ዳርሞ ሳያዩ መፈረማቸውም ተጻፈ። ማን ፈተሸው ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ቁራጩን ከወረቀቱ ጋር ሰፍተው በልጃቸው ብስክሌት ወደ ሜዳው ላኩት።

ከቀትር በኋላ መጡ። ቤቱ ሞላ፣ በረንዳው ሞላ፣ ግቢው ላይ ሰሌን ተነጠፈ። የጸሎት መሪው የዊናርኖን ስም ከነአባቱ ሲጠሩ ያ ሁሉ ወንድ «አሚን» አለ። እኔ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ቡ ሙርዲና ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። አላለቀሱም።

ለእንግዳው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚወስደውን ምግብ በሙዝ ቅጠል ቋጠሩ። ለምራቅ ተፊዋም፣ ለተሳዳቢውም። ለኔ አልቋጠሩም።

«አሁን ሂጂ» አሉኝ። «እንዳትመለሺ።»

ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ገና ሩዜን ሳልቀምስ ቱኪያህ እያለከለከች መጣች።

ፓክ ዳርሞን ወሰዷቸው። ትናንት ማምሻውን ወረቀቱ እንደ ደረሰ። ፊርማው የሳቸው ነው ተባለ። ካፒቴኑ አንዲት ሰፊ ብቻዋን ይህን አታደርግም፣ ከኋላዋ ማን አለ እያለ ነው። ሚስታቸው በሩ ላይ ከነልጆቹ ተቀምጣ አድራለች።

ሌላም ነገረችኝ። ሰልጣኞቹ ከንጋት ጀምሮ የአውሮፕላኖቹን ጨርቅ አንድ በአንድ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እየሳቡ ነው። ማንም አላዘዛቸውም። አራቱ ደግሞ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በእግራቸው ወደ ካራንግሳሪ ሄደዋል፣ ወደ መቃብሩ። ካፒቴኑ አይቷቸዋል፣ አልከለከላቸውም።

«አንቺ ግን ሽሺ!» አለችኝ ቱኪያህ። «እናቴ ተራራው ላይ ዘመዶች አሏት። አሁኑኑ። ቀጥሎ አንቺን ነው የሚመጡት።»

እውነቷን ነው። ብሸሽ ግን ከኋላዋ ማን አለ ለሚለው መልሱ ፓክ ዳርሞ ይሆናሉ። ሳያዩ ፈርመዋል፣ ያ የሳቸው ነው። ስርቆቱ ግን የሳቸው አይደለም፣ ጨርቁም የሳቸው አይደለም። «አቃጥይው» እንዳሉኝ አልናገርም። ያቺን አንዲት ውሸት ይዣት እገባለሁ፣ አላህ ይቁጠርብኝ።

እፈራለሁ።

ልብሴን ቀይሬያለሁ። ፓክ ጂማን ሰምተው ደጃፌ ላይ ቆመዋል፣ አብሬሽ ልሂድ ይላሉ። ይምጡ፣ ከፈኑን ያዩት እሳቸው ናቸው። ቱኪያህ ታለቅሳለች፣ መሃል መሃሉን «ሞኝ! ሞኝ ሴትዮ!» ትለኛለች። ደብተሩን ለሷ እተዋለሁ።

እስኪጠሩኝ አልጠብቅም። ካፒቴኑ ፊት ቆሜ ፓክ ዳርሞን ልቀቁልኝ እለዋለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነው፣ አለቃ ፊት ቆሜ አንድ ነገር ስጠይቅ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።